መዳህ ያስተማሩኝ መምህር

«መምህር አስረስ አረፉ» ብላ የባሌ እኅት ስትደውልልኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እሰይ» ነበር። አዎ፣ እሰይ። አፌን በመዳፌ ከደንኩ። በሰው ሞት እሰይ ብዬ አላውቅም፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማኝ በበርበሬ ነበር የምታጥነኝ።

«ምን አልሽ ዝና?» አለች።

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር ነው ያልኩት።»

«አሜን። ሰንበት ሳይገባ ይቀበራሉ፣ ቶሎ ድረሺ» ብላ ዘጋችው።

አልደረስኩም። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንን ሰውዬ አሰብኩት። ይኸው፣ «ሰውዬ» አልኩ። አንቱ እያልኩ የማወራው አፌ ስለለመደ ነው እንጂ፣ ልቤማ «አንተ» ካላቸው ስድስት ዓመት ሆነው። ቢሆንም እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላየሁም፣ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም። እውነቱን ልናገር ከተባለ መጀመሪያ መልካሙን ነው የምናገረው።

መምህር አስረስ ጎንደር ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሲመጡ የሰጧቸው መጥረጊያ ነው። ኪያርና ወይራ በጠርሙስ የሚታሸግበት ፋብሪካ ነበርን፤ እኛ ሴቶቹ ፓሱ ላይ፣ ማለት ጠርሙሱን እየነዳ በሚያመጣው ጎማ ላይ ቆመን እንሞላለን፣ እሳቸው ወለል ይጠርጋሉ፣ ካርቶን ይደረድራሉ። ግን እንዴት ያለ ጠራጊ! ከሥራ ልብሱ ሥር ነጭ ሸሚዝና ክራቫት። ክራቫቱ አንድ ብቻ ነው፣ ቡናማ፣ ጫፉ በጨው ውኃ ነጥቷል። ከሞሮኮ የመጡት ሴቶች «ፕሮፌሰር» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አጸፋውን ይመልሳሉ። መሳቂያ መሆናቸውን ያወቁ አይመስሉም ነበር። ወይም አውቀው ነው የሚንቁት።

የምሳ ዕረፍታችን ግማሽ ሰዓት ናት። አንድ ቀን እኛ ሃበሾቹ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ስንበላ መጡና ቆሙብን።

«ዕብራይስጡን ሀገሩ ራሱ በግዱ ያስተምራችኋል» አሉ። «ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዘው ሲገቡ ግን ማን ሊያግዛቸው ነው? እናት ባዶ እጇን ትቀመጥ?»

በዚያው ጀመርን። አሥራ አንድ ሴቶች፣ ደብተራችን የጠርሙስ ምልክት የሚለጠፍበት ወረቀት ጀርባ። መምህር ቃል አያስጽፉም፣ ያስኬዱናል። «ቃል በእግር ነው የሚገባ» ይላሉ። ዝግ ብሎ መሄድ ብቻ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሆነ በካርቶኑ መሐል እየተራመዱ ያሳዩናል። ሰንበት ከሰዓት በክፋር አቭራሃም ሰፈር ዛፍ ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚንሸራሸር ሰው ይሄዱና ስሙን ይነግሩናል። ከሥራ ወጥቶ እግሩን እየጎተተ ወደ ሰፈራችን ወደ አሚሻቭ አውቶቡስ የሚሄደውን ሰው ይሆኑና «ይህችን እንኳ ታውቋታላችሁ፣ ስሟን ነው ያላወቃችሁ» ይላሉ። እንስቃለን። ያን ጊዜ የሳቅኩትን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

አንድ ቀን «ዛሬ ክሮል ነው» አሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ትርንጎ። ትርንጎ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ አፏ የማያርፍ፣ የሁላችን ተረበኛ ናት።

መልስ አልሰጧትም። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ ሳብ አደረጉና፣ በዚያ ጨው በተረጨበት ሲሚንቶ ላይ በአራት እግራቸው ወረዱ። በክራቫታቸው! ከእኛ ካርቶን ተነሥተው እስከ በርሜሎቹ ድረስ ዳሁ። ከእኛው አንዷ ወርቂቱ «ኧረ በፈጠረዎት መምህር፣ ይነሡ!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«ይህ ክሮል ነው። እንግሊዝ ስስታም ነው። እኛ ለሕፃኑ ዳኸ፣ ለእባቡ ተሳበ፣ ለሽባው ተንፏቀቀ፣ ለሽማግሌው አዘገመ እንላለን። እሱ አንድ ግስ ያበጅና ለስንቱ ያከራየዋል።»

«ታዲያ መምህር፣ ሕፃኑ ይሁን እባቡ በምን ይለያል?» አለች ትርንጎ።

«አጠገቡ ባለው ቃል ነዋ! ቃልም እንደ ሰው ነው። ብቻውን አይታወቅም፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ታይቶ ነው የሚታወቅ።»

ከዚያ በሩ ድረስ ወሰዱን። ከበሩ የጌሃ መንገድ ይታያል፤ መኪናው ተጣብቆ፣ አንድ ክንድ ሄዶ ይቆማል፣ አንድ ክንድ ሄዶ ይቆማል። «መኪናም ክሮል ያደርጋል» አሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳዩን። «ከምሳ በኋላ ሰዓትም ክሮል ያደርጋል። እንዲሁ ዘገየ ማለት እንዳይመስላችሁ። መሄድ እየቻለ፣ እየሄደም፣ የማይደርስ ሲሆን ነው።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንቺ ድገሚው።» ደገምኩት። ከሕፃኑ እስከ ሰዓቱ አንድ ሳይቀር። «የዚህች ልጅ ጆሮ ወንፊት አይደለም፣ ጎተራ ነው» አሉ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ያመሰገነኝ አስተማሪ አልነበረም። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘለልኩ ነው። ፍቅሩ እንደዚህ ነበር፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እኛን የቀጠረን ፋብሪካው አይደለም፣ ካብላኑ ነው፤ ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያቀርበው ደላላ በሉት። በዘጠኝ ወራችን ያሰናብተናል፣ ጥቂት ያስቀምጠንና እንደ አዲስ ይወስደናል። ለምን? ዓመት ከሞላን ቋሚ መሆን ልንጠይቅ ነዋ! ትርንጎ ሦስት ጊዜ ተባርራ ሦስት ጊዜ ተቀጥራለች፤ ሦስት ዓመት ያህል ሠርታ ወረቀቷ ላይ አዲስ ናት። እኔ ስምንተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። ባሌ፣ አማቴና ልጆቼ በአሚሻቭ ሁለት ክፍል ውስጥ ተደራርበን ነው የምንኖረው፤ ያለ ክቪኡት፣ ያለ ቋሚ ሥራ፣ ባንኩ ስለ ቤት አያነጋግርም። ለእኔ ያቺ ክቪኡት ልጆቼ እግራቸውን ዘርግተው የሚተኙባት ክፍል ነበረች።

ሴቶቹ ተማከርን፤ ሽማግሌ እንላክ ተባለ። ስሕተታችን ይችው ናት። በእኛ መሐል ዕብራይስጥ የሚናገር ጠፍቶ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ኡልፓኑን፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱን ጨርሼ ከካብላኑ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሰው ነኝ። ግን ጎንደሬ አይደለን? ለባልም፣ ለአማትም፣ ለዳኛም የሚላክ ሽማግሌ ነው። ወጣት ሴት መናሄሉ ፊት፣ ማለት የፋብሪካው አለቃ ፊት ቆማ «መብቴ» ብትል ነውር መሰለን። በዚህ ሀገር ስለ ራሱ የማይናገር ሰው ሌላው ስለ እሱ የፈለገውን እንደሚናገርበት ማን ነግሮን።

መምህር ሰምተውን ሲያበቁ ክራቫታቸውን ዳሰሱ። «ሥራ ብታቆሙ በዚያው ቀን ትባረራላችሁ» አሉ። «ከማቆም ክሮል ይሻላል። እጃችሁ አይቁም፣ አይድረስም። ጠርሙሷን አንሡ፣ እዩዋት፣ ጥረጓት፣ አስቀምጧት። ሲጨንቃቸው ይጠሩናል፣ ያኔ እኔ እናገራለሁ።»

«ማን አስነሣው ብለው ከጠየቁስ?» አልኩ እኔ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም።

ደረታቸውን መታ አደረጉ። «እኔ ነኝ እላቸዋለኋ! ሽበቴ ይመልሳል። የአንዳችሁም ስም ከአፌ አይወጣም።»

እሑድ ጀመርን። ወይ ጉድ! መዳህ እንዲህ ያደክማል? መሮጥ ይሻላል። ወርቂቱ አንዷን ኪያር እንደ ሙሽራ ታገላብጣታለች። ትርንጎ ጠርሙሷን ጠርጋ፣ እፍ ብላ፣ እንደገና ጠርጋ ታስቀምጣለች። ፓሱ ይጮኻል፣ ጠርሙሱ ይከመራል፣ ተቆጣጣሪው «ያላ! ያላ!» እያለ ይራወጣል፣ እኛ «በሰደር፣ በሰደር»፣ እሺ እሺ እንለዋለን። መምህር መጥረጊያቸውን እየገፉ በጀርባችን ሲያልፉ በሹክሹክታ «ክሮል» ይሉናል። በሳቅ ልንሞት!

በሦስተኛው ቀን መናሄሉ መምህርን፣ ትርንጎንና እኔን አስጠራን።

መናሄሉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ የአፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ነው፣ ከመምህር ጋር አልፎ አልፎ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። መምህር ፊት፣ እኔና ትርንጎ ከኋላቸው ቆምን፣ ዓይናችን መሬት ላይ። መናሄሉ በዕብራይስጥ ጀመረ። «ይህን ያስነሣው ማነው? እሱን ካልነገራችሁኝ ከአንዳችሁም ጋር አልነጋገርም» አለ። አሁን መምህር ደረታቸውን ይመታሉ ብዬ ጠበቅኩ።

መምህር እጃቸውን አነሡና ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ወደ እንግሊዝኛ! ለምን ዞሩ? ትርንጎ እንዳትሰማ፣ እኔም እንዳልሰማ።

እኔ ግን ሰማሁ። ቃል በቃል ሁሉንም አልሰማሁም፤ በቂውን ሰማሁ። «እኔ የለሁበትም» አሉ። «ሌሎቹ የዋሆች ናቸው፣ ተከታይ ናቸው።» አገጫቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ እኔ መለስ አድርገው፤ «ይህች ልጅ ናት ክሮል አድርጉ ያለቻቸው» አሉ። ክሮል! ጉልበታቸው ጨው እስኪጠጣ ድረስ ያስተማሩኝ ቃል። እንዳስተማሩኝ አጠገቡ ያለው ማን እንደሆነ አየሁ፤ አጠገቡ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

መናሄሉ «ይህች?» አለ። እሳቸው «ይህች» አሉ። ለአንዲት አፍታ ዞር ብለው ዓይኔን አዩኝ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ዕብራይስጡ አፌ ላይ ነበር! «ሐሰት ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ሽማግሌ እየተናገረ ጣልቃ አይገባም፤ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ደግሞ፣ ሞኝ አትበሉኝ፣ አምኛቸዋለሁ። ይህ ብልኃት ይሆናል፣ አሁን ነገሩን መለስ ያደርጉታል ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬት እያየሁ ጠበቅኩ። አልመለሱትም።

ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ «አቤቱታችሁን ተቀብሏል፣ ያዩታል። ሂዱና እንደ ወትሮው ሥሩ» አሉ። ትርንጎ ትከሻቸውን ሳመች። «ዕድሜ ይስጥልን መምህር፣ አባት ይሁኑን» አለች።

ሐሙስ ካብላኑ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለኝ። ስምንት ወር ከሁለት ሳምንት። ከአንድ ወር በኋላ መምህር የመጋዘን ቁልፍ ያዙ፣ ሰማያዊ ካፖርት ለበሱ፣ ክቪኡት አገኙ። ከሃበሾቹ የመጀመሪያው ቋሚ እሳቸው ናቸው። ማኅበረሰቡ እንኳን ደስ ያለዎ ሊል ቤታቸው ሄደ። ባሌም ሄደ።

ለትርንጎ ነገርኳት። እሷን ካልነገርኩ ለማን ልነግር? «ዝና፣ ሥራ ማጣት ያሳብዳል፣ አልፈርድብሽም» አለችኝ። «ግን በምሳ ሰዓት በለቃቀምሻት እንግሊዝኛ መምህር አስረስን ከሳሽ ልትሆኚ? ያላሉትን ሰምተሽ ይሆናል።» ወርቂቱም እንደዚያው አለች። ባሌ «እውነት ቢሆንም ዝም በይ፣ ሽማግሌ ናቸው» አለኝ። እኔ ሐሜተኛ ሆንኩ፣ እሳቸው አባት ሆኑ። ትርንጎ ራሷ በዘጠኝ ወሯ እንደ ልማዷ ስትባረር እንኳ እሳቸውን አልጠረጠረችም።

«ፈርተው ነው» የሚሉኝ አሉ። አምስት ልጅ፣ ስልሳ ዓመት የደረሰ ሰው፣ ማን ይቀጥረዋል ይሉኛል። እሺ፣ ፈሩ። እኔስ አልፈራሁም? መፍራት ያባት ነው፤ የሌላውን ስም ሰጥቶ መዳን ግን ምን ይባላል? ከእንግሊዝኛውም ከአማርኛውም ስም አላገኘሁለትም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። አሁን የምሠራው ማሃኔ የሁዳ ሰፈር አንዲት ከእንግሊዝ ሀገር የመጡ አሮጊት ቤት ነው፤ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ እስከ ሱቁ አንሸራሽራቸዋለሁ። የተቀጠርኩት እንግሊዝኛ ስለምሰማ ነው። የልጆቼ እንጀራ የሚገባው መምህር በሰጡኝ ቃል ነው። ልረግማቸው አፌን ስከፍት ያቺ እንጀራ ቀድማ ትመጣብኛለች።

ስድስት ዓመት አንድ ሰፈር ኖርን። በየበዓሉ፣ በየሠርጉ እንገናኛለን። «ልጆች ደህና?» ይሉኛል። «ይመስገን» እላለሁ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ መቆሚያው ላይ እኔና እሳቸው ብቻ ሆንን። አሁን ይናገራሉ አልኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዛሬ አውቶቡሱ ቆየ» አሉኝ። እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ መስማቴን ያውቁ ይሆን? ካላወቁ፣ ባለማወቄ ተማምነው ያደረጉት ነው፣ ደካማ ሰው ናቸው ብዬ ልተወው እችል ነበር። መቶ ጊዜ ለራሴ «አላወቁም» ብዬ ፈርጄላቸዋለሁ።

ለቅሶው በገባ በሦስተኛው ቀን ባሌ «ባትሄጂ ሰው ምን ይላል» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ሳሎኑ ሙሉ ነበር። ሚስታቸው መሬት ፍራሽ ላይ፣ ትርንጎና ወርቂቱ አጠገቧ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ «ለደሀ የቆሙ፣ ለሴቶቹ ጠበቃ የነበሩ» ይላሉ። ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥኩ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ማሬ፣ ትምህርት ቤት ድቮራ ብለው የሰየሟት፣ በወታደር ልብስ የመጣች፣ የሸሚዟ አንገት ለሐዘን የተቀደደ፣ አየችኝና እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ወሰደችኝ።

«እቴ ዝና፣ ሬጋ፣ አንዴ ቆዪኝ፣ አንድ ነገር አለኝ» አለች። «አባዬ ሆስፒታል እያሉ ስምሽን ጠሩ።»

«ምን ብለው?»

«‹ዝናን ይቅር በይኝ ይልሻል በያት› አሉ። ‹ለምኑ?› አልኳቸው። ‹እሷ ታውቃለች› አሉ። ‹ያን ቀን ዞር ብዬ ዓይኗን ሳየው ሁሉንም እንደሰማች አወቅኩ። እንደ እሷ የሚሰማ ተማሪ አልነበረኝም› አሉ።»

ያውቁ ነበር። ያን ቀን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መናሄሉ «ይህች?» ሲል፣ መስማቴን ዓይኔ ውስጥ አይተው ነው «ይህች» ያሉት። ዝም እንደምል አውቀው ነው። ስድስት ዓመት በደጄ እያለፉ አንድ ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ፣ አሁንም ለይቅርታው ልጃቸውን ላኩብኝ።

«እማዬም ግራ ገብቷታል፣ እንቅልፍ አልተኛችም» አለች ማሬ። ዓይኗ አብጧል። «ምንድን ነው የሰማሽው? አባዬ ምን አድርገውሽ ነው? በእውነት ንገሪኝ።»

ስድስት ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ በቃሌ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ላሳምነው ያልቻልኩት ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ አሁን ደግሞ ምስክሬ የገዛ ልጃቸው ናት። አፌን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ የተቀደደ አንገቷን በእጇ ይዛ ታየኛለች።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አላደረጉኝም።»

«በእውነት?»

«በእውነት። በሽታው አስለፍልፏቸው ይሆናል።»

እፎይ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ወደ ሳሎኑ ሮጠች። «እማዬ፣ ምንም አልነበረም! እቴ ዝና ምንም አላደረጉኝም ብላኛለች!» ስትል ሰማኋት። «ተመስገን» አለች እናቷ። «ድሮስ መምህር!» አለች ትርንጎ። እውነቱን ስናገር ያላመነኝ ሰው ሁሉ፣ ውሸቴን ባንድ አፍ አመነኝ።